ለጉዳዬ የሚበቃኝን ያህል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው አምስት ጥያቄዎች ከቢቸና፣ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከእንጅባራ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ ሊቅ ልሁን አላሉም። ጉዳያቸውን የሚያስፈጽም ያህል በአጭር ጊዜ ማወቅ ነው የፈለጉት። ተገቢ ፍላጎት ነው፤ ስለዚህ መልሶቻችንን በተቻለ መጠን ነገ ጠዋት ሊጀመር ወደሚችል ሥራ አውርደናቸዋል።

ጥያቄ፦ የክፍል ኃላፊ መምህር ነኝ። የ60 ተማሪ ሮስተር በእጅ መሥራት ሁለት ሌሊት ይፈጅብኛል። ኤክሴል ልማር ስል አንድ ባልደረባዬ «አንድ ሙያ ለማወቅ 10,000 ሰዓት ያስፈልጋል» አለኝ። እውነት ነው?
*መምህር፣ ከቢቸና*

መልስ፦ ቁጥሩ የመጣበትን ሲያውቁ አያስፈራዎትም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት በበርሊን የሙዚቃ አካዳሚ የሚማሩ ቫዮሊን ተጫዋቾችን መረመሩ። ከሁሉ የላቁት 20 ዓመት እስኪሞላቸው በአማካይ ወደ 10,000 ሰዓት ብቻቸውን ተለማምደው ነበር። ለታላላቅ መድረክ የሚዘጋጁ ሰዎች አማካይ እንጂ አንድን ነገር ለመቻል የሚያስፈልግ ትንሹ መጠን አይደለም። ስለ ሮስተር ምንም አይነግረንም።

ይልቅ አጠገብዎ ያለውን የቅኔ ቤት ሥርዓት ይመልከቱ፤ ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ሩቅ አይደለም። አዲስ ተማሪ ገና እንደገባ መወድስ የተባለውን ረጅም የቅኔ ዓይነት ቁጠር (ግጠም) አይባልም። በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ያልፋል፣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ጋ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ደግሞ ይቆጥራል። ልብ ይበሉ፣ ጉባኤ ቃና አጭር ይሁን እንጂ ጎዶሎ አይደለም። ራሱን የቻለ ቅኔ ነው። ቶሎ መማር የሚፈልግ ሰው መፈለግ ያለበት ይህን ነው፦ ትንሽ፣ ግን ሙሉ የሆነ ሥራ፣ ስሕተቱም ሳይውል ሳያድር የሚታይበት መንገድ።

የእርስዎ ጉባኤ ቃና የአምስት ተማሪ ሮስተር ነው። የሚያስፈልግዎ አምስት ነገር ብቻ ነው፣ በቅንፍ ያለው የኤክሴል ስማቸው ነው፦ መደመር (ሰም)፣ አማካይ (አቬሬጅ)፣ ደረጃ ማውጣት (ራንክ)፣ ያለፈና ያላለፈ መለየት (ኢፍ) እና ዝርዝሩን በደረጃ ማሰለፍ (ሶርት)። ለአምስት ተማሪ በእጅዎ ያወጡትን ውጤት አጠገብዎ አስቀምጠው በኤክሴል ያውጡት፤ ከገጠመ ወደ 60 ያስፉት። በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ቢሠሩ በሁለት ሳምንት ይደርሳሉ።

ሁለት ወጥመድ ይጠብቅዎታል። አንደኛው ራንክ ላይ ነው። የክፍሉ ድምር ከረድፍ 2 እስከ 61 ከሆነ፣ ቀመሩን ወደታች ሲስቡት ክልሉም አብሮ ይወርድና ከ3 እስከ 62፣ ከ4 እስከ 63 እያለ ይንሸራተታል። መጨረሻ ላይ የተጻፈው ተማሪ ከራሱ ጋር ብቻ ይወዳደርና 1ኛ ይወጣል። መድኃኒቱ በክልሉ የዓምድ ፊደልና የረድፍ ቁጥር ፊት የዶላር ምልክት ማስገባት ነው፤ በብዙ ኮምፒውተር ክልሉን መርጠው ኤፍ 4ን ሲጫኑ በራሱ ይገባል። ሁለተኛው፣ አቬሬጅ ባዶ ሣጥንን አይቆጥርም፣ ዜሮን ግን ይቆጥራል። ፈተና ያልተፈተነን ተማሪ ባዶ ትተውት ከሆነ አማካዩ ሳይገባው ከፍ ይላል። የትምህርት ቤቱን ደንብ ጠይቀው አንዱን ይያዙ፣ በሁሉም ተማሪ ላይ ያንኑ ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ የ42 ዓመት ሴት ነኝ። ባሕር ዳር ተወልጄ ሳድግ ሳይክል ሳልነዳ ቀረሁ። የባጃጅ ወጪ ስለበዛብኝ አሁን መልመድ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ከኋላ ይዞ ሲገፋኝ ሁለት ጊዜ ወደቅሁና ተውኩት። በዚህ ዕድሜ ይቻላል?
*ከባሕር ዳር*

መልስ፦ ይቻላል፤ ከተማዎም ሜዳ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። የወደቁት በዕድሜዎ ምክንያት አይመስለንም። ከኋላ ይዞ መግፋት ራሱ መጥፎ ማስተማሪያ ነው። የሚይዝዎ ሰው ሳይክሉን በራሱ ጉልበት ቀጥ ስለሚያደርገው፣ እርስዎ መማር ያለብዎትን ሚዛን እሱ ይጠብቅልዎታል። ሲለቅዎ ያልተማሩት ነገር ላይ ይደርሳሉ።

ሳይክል መንዳት ሁለት ችሎታ ነው፦ ሚዛን መጠበቅና ፔዳል መርገጥ። ከባዱ ሚዛኑ ነው። ስለዚህ ፔዳሉን ለጊዜው ያውጡት። ብዙውን ጊዜ 15 ቁጥር ቺያቬ ይበቃዋል። የግራው ፔዳል ጥርስ ከተለመደው በተቃራኒ መሆኑን ይጠንቀቁ። የማይሳሳት ዘዴ አለ፦ ሳይክሉን በጎማዎቹ ያቁሙ፣ ቺያቬውን ወደ ላይ ቀጥ አድርገው ይግጠሙ፣ ከዚያ በሁለቱም በኩል ወደ ኋላ ጎማ አቅጣጫ ይግፉ። ወደ ፊት ከገፉት ይበልጥ ይጠብቃል። ሲመልሱ የግራና የቀኙን እንዳያለዋውጡ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ተለዋውጠው በጉልበት ከገቡ የማሰሪያውን ጥርስ ይበሉታል፣ ፔዳሉ የሚታሰርበትን ሙሉ ክንድ ማስቀየር ይመጣል።

ቀጥሎ መቀመጫውን ተቀምጠው ሁለቱም እግርዎ በሙሉ ውስጥ እግሩ መሬት እስኪረግጥ ድረስ ዝቅ ያድርጉ። መውደቅ እንደማይችሉ ሰውነትዎ ሲያውቅ ትከሻዎ ይላላል፤ መሪውንም አንቀው አይዙም። ቦታው ጠንካራ መሬት ወይም አስፋልት ሆኖ በጣም ትንሽ ቁልቁለት ይኑረው። ሣር ለስላሳ ይመስላል እንጂ ጎማውን ይይዛል፣ ፍጥነት ያሳጣል።

በመጀመሪያው ቀን በእግርዎ መሬቱን እየገፉ ይሂዱ፤ መጀመሪያ እየተራመዱ፣ ቀጥሎ ረዘም ባለ ግፊት። ፍሬኑን ከዚሁ ቀን ጀምሮ ይለማመዱ። ሳይቀመጡ ሳይክሉን እየገፉ አንዱን እጀታ ይጭመቁና የትኛው የፊቱን፣ የትኛው የኋላውን እንደሚይዝ ይወቁ። መጀመሪያ የኋላውን፣ ከዚያ በቀስታ የፊቱን ይያዙ። በመታጠፊያ ላይ የፊት ፍሬን በኃይል መያዝ ያንሸራትታል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እግርዎን ያንሱ። ለ3 ሰከንድ ያህል ይንሳፈፉ፣ ወደ 10 ሰከንድ ያሳድጉት። እዚህ ላይ አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው ፍጥነትን ፈርቶ በጣም በዝግታ በመሄድ ነው። ሳይክል በዝግታ ሲሄድ ነው ይበልጥ የሚንገዳገደው። ወደ ግራ ሲያዘነብል መሪውን በመጠኑ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ወደ ቀኝ፤ ጎማው ከሥርዎ ተመልሶ ይገባል። ሰው በደመ ነፍስ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፣ ለዚያም ነው የሚወድቀው። ዓይንዎ ከ10 ሜትር በላይ ርቆ ይመልከት፤ የፊት ጎማውን ያዩ ከሆነ መሪው ዓይንዎን ይከተላል።

ቁልቁለቱን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሳይረግጡ ከወረዱ ፔዳሉን ይመልሱ። ለመነሳት የቀኙን ፔዳል በሰዓት መልክ 2 ቁጥር ላይ አምጥተው በሙሉ ክብደትዎ ይርገጡ፤ አንዷ ጠንካራ እርግጫ ሚዛን የሚያስጠብቅ ፍጥነት ትሰጥዎታለች። ከዚያ መቀመጫውን በየቀኑ 2 ሳንቲሜትር ያህል እያነሱ ይሂዱ፤ ፔዳሉ ታች ሲሆን ጉልበትዎ ጥቂት ብቻ እስኪታጠፍ። ዝቅ እንዳለ ከተዉት ጉልበት ያማል።

በቀን ከ30 ደቂቃ አይለፉ። ከደከሙ በኋላ የሚለማመዱት ስሕተቱን ነው።

ዋናው መንገድ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ራስዎን በአራት ነገር ይፈትኑ፦ መሬት ላይ በጠመኔ በተሰመረ፣ ስፋቱ 30 ሳንቲሜትር በሆነ መስመር ውስጥ 20 ሜትር መሄድ፤ ምልክት የተደረገበት ቦታ ላይ መቆም፤ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ምልክት መስጠት፤ በግራ ትከሻ ወደ ኋላ አይቶ ከመስመር አለመውጣት። አራተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ በባጃጅ መካከል ግን ሕይወት የሚያተርፈው እሱ ነው። ባጃጅ ተሳፋሪ ለማውረድ በድንገት ወደ ቀኝ ይገባል፤ ርቀት ይጠብቁ። ከቆመ መኪና አንድ ሜትር ያህል ይራቁ፣ በር ሊከፈት ይችላል። ካቴናው በቀኝ በኩል ስለሆነ የቀሚስዎ ጫፍ ወይም የነጠላዎ ክር እንዳይገባበት ይሰብስቡት፤ ከሥር ሱሪ ለብሰው የቀኙን ጫፍ በገመድ ማሰር ይሻላል። የራስ ቁር ለጀማሪም ለነባርም ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የጸሐፊነት ሥራ ለማግኘት ከ6 ሳምንት በኋላ የአማርኛ ታይፕ ፈተና አለብኝ። አሁን በሁለት ጣት እየፈለግሁ ነው የምጽፈው። ኮምፒውተር የለኝም፤ ቀን በቀን አንድ ሰዓት ያህል የሰው ኮምፒውተር አገኛለሁ።
*ከደብረ ማርቆስ*

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ሄደሽ አንድ ነገር ጠይቂ፦ ፈተናው በየትኛው ሶፍትዌር ነው? ፓወር ግዕዝ ነው፣ ኪይማን ነው ወይስ ሌላ? አቀማመጣቸው ይለያያል። በአንዱ ተነባቢውን ብቻ ስትመቺ ሳድሱ ይወጣል፣ በሌላው ሌላ ፊደል። በአንዱ ለምደሽ በሌላው ከተፈተንሽ ጣትሽ የለመደው ሁሉ ይቃወምሻል። የሚጠየቀውን ፍጥነትም ከማስታወቂያው ላይ ጻፊ።

ኤፍና ጄ ላይ ትንሽ ጉብታ አለች። የሁለቱ እጅ አመልካች ጣት እዚያ ያርፋል፤ ሌሎቹ ጣቶች በተርታ ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ባለቤት ጣት አለው። በመጀመሪያው ሳምንት እጅሽን በነጠላ ሸፍነሽ ጻፊ። ከሁለት ጣቱ ይልቅ ትዘገያለሽ፣ ምናልባት በግማሽ። ይህ መውደቅ አይደለም፣ ግን አብዛኛው ሰው የሚመለሰው ከዚህ ነው። ለደብዳቤም ሆነ ለሌላ ሥራ በእነዚያ ቀናት ወደ ሁለት ጣት እንዳትመለሺ፤ የአንድ ቀን መመለስ የሦስት ቀን ልምምድ ያበላሻል።

ፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በተራ መለማመድ ጊዜ ማባከን ነው። አማርኛ የሚደጋግመውን አስቀድሚ፦ ነው፣ እና፣ ላይ፣ ውስጥ፣ ጋር፣ ስለ፣ ወደ፤ ከፊት የሚጣበቁትን የ፣ በ፣ ለ፣ ከ፣ እንደ፤ ከኋላ የሚመጡትን ኦች፣ ን፣ ም፣ አቸው። ቀጥሎ የቢሮ ቋንቋ፦ ጉዳዩ፣ ይመለከታል፣ በመሆኑም፣ ከሰላምታ ጋር። አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ የት እንዳሉ ካላወቅሽ ፈተናው ላይ ትቆሚያለሽ። እንደ ሏ፣ ሟ፣ ቷ፣ ኳ ያሉትንም እንዲሁ አጥኚ። ሞክሼዎቹን ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ በየትኛው ቁልፍ እንደሚወጡ ለይተሽ ያዢ፣ ምክንያቱም ገልብጠሽ የምትጽፊው ከተሰጠሽ ወረቀት ነው።

አንዱን ሰዓት በሁለት ክፈይው። በመጀመሪያው ግማሽ ትናንት የሳትሻቸውን ቃላት ብቻ፣ እያንዳንዱን 10 ጊዜ ያለ ስሕተት። በሁለተኛው አንድ ገጽ ደብዳቤ ገልብጪና ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ ቁጠሪ። በገጽ ከ3 ስሕተት በታች እስክትደርሺ ሰዓት አትያዢ። ከዚያ በኋላ ያዢ። የመጨረሻውን ሳምንት እንደ ፈተናው አድርጊው፦ ሰዓት ተይዞ፣ ሳታርፊ፣ ቢቻል በማታውቂው ኮምፒውተር። ፋይል ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ እንደ ኒያላ ባለ የዩኒኮድ ፊደል ጻፊ፤ በድሮዎቹ ፊደሎች የተጻፈ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ባለ ስድስት ክር ክራር ገዝቼ ስምንት ወር ሆነኝ። ብዙ ቪዲዮ አይቻለሁ፣ አራቱንም ቅኝት በስም አውቃለሁ፣ ግን አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው መጫወት አልቻልኩም። በእኅቴ ሠርግ ላይ መጫወት እፈልጋለሁ፤ ሦስት ወር ቀርቶታል።
*የ19 ዓመት ወጣት፣ ከፍኖተ ሰላም*

መልስ፦ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ለጊዜው ተዋቸው። ለሦስት ወር አንድ ቅኝት፣ ሁለት ዘፈን ይበቃሃል። ትዝታ ሜጀርን ያዝ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ ስድስተኛው ክር ከአምስቱ የአንዱ ድጋሚ ነው፣ በኦክታቭ ርቀት። በስልክህ መቃኛ አፕ አድርገህ በየቀኑ ከመጀመርህ በፊት ቃኝ። አዲስ ናይለን ክር ለጥቂት ቀናት ይለጠጣል፤ ዛሬ ቃኝተኸው ነገ ዝቅ ብሎ ብታገኘው ክራሩ ተበላሸ አትበል። ባልተቃኘ ክራር መለማመድ ግን ጆሮህን ያሳስተዋል። ሠርጉ ላይ የምትፈልገው ዘፈን በትዝታ ማይነር ከሆነ ሚ እና ላ የሆኑትን ክሮች በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅብህ።

ሌላው ውሳኔ፦ በጣት ትደረድራለህ ወይስ በመምቻ ትገርፋለህ? ሁለቱን ባንድ ጊዜ አትጀምር። ስትገርፍ ቀኝ እጅህ ሁሉንም ክር ይመታል፤ ዜማውን የሚያወጣው የግራ እጅህ ነው፣ የማይፈለጉትን ክሮች ጣትህ አፍኖ የሚፈለገውን ይለቃል። ጀማሪ ድምፁ የሚንጫጫበት ጣቱን ቶሎ ስለሚያነሳ ነው። ለሠርግ፣ ከከበሮና ከጭብጨባ ጋር ለሚሰማ ድምፅ፣ ግርፉን እንመክራለን። አምስት ጣት ለስድስት ክር ስለማይበቃ አንዱ ጣት ሁለት ክር ይይዛል፤ የትኛው እንደሆነ አንድ ጊዜ ወስነህ አትቀያይር።

አሁን ዘፈኑን በአራት ቁረጠው። ከመጨረሻው ቁራጭ ጀምር። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የሚጀምር ሰው መግቢያውን መቶ ጊዜ፣ መጨረሻውን አምስት ጊዜ ይጫወታል፤ የሚያቆመውም ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው። መጨረሻውን ስትችል ሦስተኛውን ጨምረህ እስከ መጨረሻ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። በዚህ መንገድ ወደምታውቀው እየሄድክ ትጫወታለህ። በስልክህ የምት መቁጠሪያ በደቂቃ 60 ላይ አድርግ፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሳትሳሳት ከተጫወትክ 4 ጨምር፣ ከተሳሳትክ 4 ቀንስ።

ጠዋት 20፣ ማታ 20 ደቂቃ ይሁን። በማታው መጨረሻ ራስህን ቅዳና ሳትጫወት አድምጥ፤ እየተጫወቱ የማይሰማ ስሕተት ሲያዳምጡ ይሰማል። ከሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ለውጥ የቆመ ይመስልሃል። ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ሳምንት ቅጂ ከዛሬው ጋር አነጻጽር፣ ከዚያም አንድ ክራር የሚያውቅ ሰው ፈልገህ ለግማሽ ሰዓት ግራ እጅህን ብቻ እንዲያይልህ ጠይቅ። ከ20 ቪዲዮ ያ ግማሽ ሰዓት ይበልጣል። ክራሩንም ከሻንጣ አውጥተህ በምትቀመጥበት ቦታ ግድግዳ ላይ ስቀለው። ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለቤተሰብ፣ ቀጥሎ ለጎረቤት ተጫወት፤ ስትሳሳት አታቁም፣ ምቱን ይዘህ እለፍ። ሠርገኛ የሳተ ድምፅ ይምርሃል፣ የተቋረጠ ጭፈራ ግን አይምርህም።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፤ አዊ ዞን ገጠር ጤና ጣቢያ ተመድቤአለሁ። ትልልቅ እናቶች አማርኛ ብዙም አይናገሩም። በሁለት ወር ለሥራዬ የሚሆን አገውኛ መልመድ እችላለሁ?
*ከእንጅባራ*

መልስ፦ ሙሉ ወሬ ማውራት አይደርሱበትም፤ የካርድ ክፍልና የምርመራ ንግግር ግን ይደርሱበታል። አንድ ነገር ይረዳዎታል፦ አገውኛ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን በአእምሮዎ መገልበጥ አይኖርብዎትም። በግዕዝ ፊደል ስለሚጻፍና በዞኑ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለሚሰጥም መምህርና የተማሪ መጽሐፍ በቅርብ ያገኛሉ።

ለሦስት ቀን በሥራ ላይ የሚናገሩትን በአማርኛ ይመዝግቡ። ከ80 እስከ 100 የሚሆን ዓረፍተ ነገር ይወጣዎታል፦ የት ያምዎታል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ይቀመጡ፣ ይተንፍሱ፣ ከምግብ በኋላ። ባልደረባዎ በአገውኛ ሲለው በስልክ ይቅዱ። በጽሑፍ ብቻ አይያዙት፤ የድምፅ አነሳሱና አወዳደቁ በፊደሉ አይታይም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ የተጠና ነገር አብዛኛው የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ በቀን 8 አዲስ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይያዙ፣ ከዚያ በማግሥቱ፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ቅጂውን ከመስማትዎ በፊት ለማስታወስ ይሞክሩ። አይተው ማንበብ ያወቁ ያስመስላል፤ ከባዶ ማስታወስ ነው የሚያጸናው።

ትልቁ ችግር መጠየቁ ላይ አይደለም፣ መልሱን መስማቱ ላይ ነው። «ምን ሆነው ነው?» ብለው ከጠየቁ የአምስት ደቂቃ ታሪክ ይመጣብዎታል። መልሳቸው አጭር የሆኑ ጥያቄዎችን ይምረጡ፦ አዎ ወይም አይደለም፣ ስንት ቀን፣ ቀን ነው ማታ፣ እዚህ ነው እዚህ። ለዚህ ከሁሉ በፊት ቁጥሮችን፣ የሳምንቱን ቀናትና የሰውነት ክፍሎችን ይወቁ። ገበያ ሄደው ዋጋ መጠየቅ ለቁጥር ጥሩ ልምምድ ነው።

የመድኃኒት መጠን፣ የአለርጂ ጥያቄና የስምምነት ፊርማ ላይ ግን በዚህ ደረጃ ባለ ቋንቋ አይተማመኑ፤ አስተርጓሚ ይጥሩ። አስተርጓሚውም ባለበት ታካሚዋ ስንት ፍሬ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን እንደምትወስድ መልሳ ትንገርዎት፤ ቁጥሮቹን በራስዎ ጆሮ ይያዙና ከካርዱ ጋር ያመሳክሩ።